የጣራው ውኃ የት ይሄዳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት በገባ ቁጥር ደሴ ውስጥ ግንብ ሲደረመስ ወይም ቤት ሲሰነጠቅ «የተፈጥሮ አደጋ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዝናቡስ የተፈጥሮ ነው፤ ከተማዋም በጦሳ ተራራ ግርጌ ያለች የዳገት ከተማ ናት። የዳገቱን እግር ቆርጦ ቤት መቀለስና የጣራውን ውኃ እዚያው መልቀቅ ግን የእኛው ሥራ ነው።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 50 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር፣ በትልቁ በርሜል አምስት መሆኑ ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይሰርጋል። ሸክላ የበዛበት አፈር ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይላላልም። ስርገቱ ጊዜ ስለሚወስድ ዳገቱ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ሊናድ ይችላል።

የድጋፍ ግንብን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው የታቆረ ውኃ ነው። ሲገነባ በየ1.5 ሜትሩ ገደማ ባለ 2 ኢንች ቱቦ ወደ ውጭ ዘንበል አድርጎ መክተት፣ ከጀርባውም ጠጠር መሙላት ያስፈልጋል። ቱቦው ተቀብሮም ለመልክ ሲባል በልስን የሚደፈንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከቤቱ በላይ የሚቆፈረው ቦይም እስከ መንገዱ ፍሳሽ መድረስ አለበት። ታችኛው ጎረቤት ጓሮ ላይ ካበቃ አደጋውን ለእሱ ማውረስ ነው።

መሬቱ ከተሰነጠቀ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ካስማ ተክሎ፣ አናታቸው ላይ ሚስማር መትቶ፣ በሚስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ጠዋት ጠዋት መለካት ይቻላል። ስንጥቁ ውኃ እንዳያስገባ በሸክላ ጭቃ ተጠቅጥቆ ሸራ ይልበስ፤ ሲሚንቶ አብሮ ስለማይሳብ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ርቀቱ በየቀኑ ከጨመረ፣ ወይም ሲገጥም የኖረ በር አልገጥም ካለ፣ ዕቃ ሳይሉ መውጣት ነው።

ናዳ በወረደበት ሥር ተሯሩጦ መግባትም ያስፈጃል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን በናዳ ካለቁት መካከል ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የደረሱ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱን ቀበረ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ዳገቱን ብቻ የሚያይ፣ ፊሽካ የያዘ አንድ ሰው ከጎን በኩል ይቁም።

የግንባታ ባለሙያዎች፣ ከደሴ