አባዬ፣ ለወንድምህ ደውልለት

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ ክብሩ ይስፋ። ልጄ ቁመቷ እኔን አልፏል። ታናሽ ወንድሟ እሑድ እሑድ ከዲያቆናቱ ጋር መቆም ጀምሯል። ግዕዙን ሳይገባው በቃሉ ይወጣዋል። ብታየው ደስ ይልህ ነበር።

ስኳርህስ? ጾም ሲገባ መድኃኒትህን ታሳልፋለህ አሉ። የንስሐ አባትህ ፈቅደውልህ የለ? በእግዚአብሔር ስም፣ እየበላህ ዋጥ።

የጻፍኩልህ ግን ስለ አጎቴ ነው። ኩላሊቱን በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባል። በጣም ከስቷል። ባየኝ ቁጥር ስለ አንተ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ እንደምመልስለት ይጨንቀኛል።

የተኳረፋችሁት በፓትርያርኮቹ ነገር ነው። አቡነ መርቆሬዎስ በ1983 ከፓትርያርክነት መንበራቸው ተነሱ፣ በ1984 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ፤ አቡነ መርቆሬዎስም ተሰደዱ። አጎቴ «ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ አይሾምም» አለ። አንተ «መንበር ተሰዶ አያውቅም» አልክ። ሁለታችሁም ፍትሐ ነገሥት ትጠቅሱ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን ምእመኑ በሲኖዶስ ተከፍሎ «ስደተኛ»፣ «አገር ቤት»፣ «ገለልተኛ» እየተባባለ ለቅሶ እንኳ መደራረስ ያቆመበት ጊዜ ነበር።

በሐምሌ 2010 አባቶች እዚሁ ዋሽንግተን ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 አገራቸው ገቡ፣ በ2014 እዚያው አረፉ። ባለጉዳዮቹ ጨርሰውታል፣ አባዬ። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሆዴ ውስጥ ቆይቷል። ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተህ ቤት ቀረህ። «እነሱ ቤተ ክርስቲያን አልገባም» አልክ። የወሰደን አጎቴ ነበር። ካህኑ «የልጅቷ አያት የት አሉ?» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ። ዛሬ ልጅቷ ፎቶውን እያየች ያንኑ ትጠይቀኛለች። ስለ ሲኖዶስ ላስረዳት ሞከርኩ። «እና ለዚህ ብሎ ነው የቀረው?» አለችኝ። እኔም እስካሁን የምጠይቀው እሱኑ ነው።

ሃይማኖቴን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በክርክር ግን አይደለም። ጎረቤታችን አልጋ ላይ ሲውሉ ማታ ማታ እየሄድክ ገላቸውን ታጥባቸው ነበር። ለማንም ስታወራው አልሰማሁህም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቲቶ ስለ ሕግ ከሚነሳ ጠብ ራቅ ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጠቡ ጊዜህንም ጉልበትህንም ይበላና የሚታጠበው ሰው ይረሳል። ጌታስ ወንድምህ የተቀየመህ እንደሆነ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ታረቅ አላለም? አንተ በየበዓሉ ትቆርባለህ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ልጅህ ነኝና። ግን ማን ይንገርህ?

ሐኪሞቹ የሚሉትን በስልክ አልነግርህም። እዚህም አልጽፈውም። አንተም አልጠነከርክም።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጥበት ላይ ስለሆነ ደክሞት ይተኛል። ቅዳሜ ጠዋት በእኛ ሰዓት፣ በናንተ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፣ ደውልለት። ስለ ሲኖዶስ ካነሳ እንኳ አትመልስለት። እናታችሁን አንሳለት፤ እሷን ሲያወራ ድምፁ ይመለሳል። ቁጥሩን እማዬ ጋር ልኬዋለሁ።

ልጅህ