ለገንዳው የሚበቃው ክሎሪን፦ ለወንድሜ ለሀብታሙ

ፊኒክስ፣ አሪዞና
ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሀብታሙ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ፣ ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቢሾፍቱ ሥራ ማግኘትህን፣ ግቢውንም የመዋኛ ገንዳውንም ለአንተ አምነው መስጠታቸውን ስሰማ እልል ብያለሁ። ነገር ግን በየማለዳው ሁለት ጣሳ ክሎሪን እንደምትበትንና ደረቅ ሳል እንደያዘህ ስትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። እኔም እዚህ የምበላው የሰው ቤት ገንዳ እየዞርኩ በማጽዳት ነውና የማውቀውን ሁሉ ልጻፍልህ። በስልክ ብነግርህ ቁጥሩ ይጠፋብሃል።

በመጀመሪያ ውሃው ምን ያህል እንደሆነ እወቅ። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 4 ሜትር ነው ብለሃል። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ተነሥቶ 1.8 ስለሚደርስ አማካዩ 1.4 ነው። ሦስቱን ስታባዛ 45 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም 45,000 ሊትር ይሆናል። ይህን ቁጥር የፓምፑ ክፍል ግድግዳ ላይ ጻፈው። በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲኖር 45 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል። የምትጠቀመው ዱቄት ግን ሙሉ በሙሉ ክሎሪን አይደለም፤ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው ዱቄት ሆኖ ውስጡ ያለው ክሎሪን 65 በመቶ ከሆነ 70 ግራም ያህል ትመዝናለህ። ገንዳው ውስጥ መገኘት ያለበት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ክሎሪኑ ጨርሶ ከጠፋበት ተነሥተህ 3 ለማድረስ እንኳ 210 ግራም ይበቃል። አንድ ኪሎ ብትጨምር ከ14 ያልፋል፤ ከ4 በላይ ሲሆን ደግሞ ማንም ሰው መግባት የለበትም፣ በተለይ ሕፃናት። እባክህ ጣሳውን ጣለውና የወጥ ቤት ሚዛን ግዛ።

ከመጨመርህ በፊት ሁልጊዜ መርምር። የመመርመሪያ ዕቃ ገዝቼ ለፋሲካ በምትመጣው ጎረቤታችን እጅ ልኬልሃለሁ። ትንሿን ብልቃጥ ክንድህን እስከ ክርንህ ነክረህ ከታች ሙላ፤ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ትክክለኛውን አያሳይም። ጠብታውን ስትጨምር ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ክሎሪኑ በዝቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ክሎሪኑ እጅግ ከበዛ ቀለሙን ራሱን ያነጣዋል። ብልቃጡ ሮዝ ብልጭ ብሎበት ወዲያው ከጠራ፣ ክሎሪን የለም ብለህ እንዳትጨምር። ከገንዳው በብልቃጥ የቀዳኸውን ውሃ በንጹሕ ውሃ አቅጥነህ እንደገና መርምር።

በዚያው ዕቃ ፒኤችን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት ልክ፣ ትለካለህ፤ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። 7.5 ላይ ጀርም የሚገድለው የክሎሪን ዓይነት ግማሽ ያህል ነው፤ 8 ሲደርስ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ፒኤች ሳያስተካክሉ ክሎሪን መከመር ገንዘብ መበተን ነው።

ፀሐይም ክሎሪን ትበላለች። እዚህ ፊኒክስ በ2023 እ.ኤ.አ. የበጋ ወራት ሙቀቱ ለ31 ተከታታይ ቀናት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። ቢሾፍቱ እንዲህ ባይሞቅም ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ማለዳ የጨመርከው ቀትር ላይ አብዛኛው ይጠፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨምርና ፓምፑን ሌሊት አሠራው።

የቤቱ ባለቤት “ክሎሪኑ ካልሸተተ ገንዳው አልጸዳም” ብለውሃል። በአክብሮት አስረዳቸው፦ ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ የሚመጣው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። ንጹሕ ገንዳ ብዙም አይሸትም። ከሸተተ እንግዶቹ ሳይታጠቡ ገብተዋል፤ ሰው በሌለበት ምሽት 700 ግራም ያህል ጨምረህ ወደ 10 ታደርሰዋለህ፣ ከዚያ ከ4 በታች እስኪወርድ ገንዳውን ትዘጋለህ።

ዱቄቱ ሲያልቅ በረኪና ይሆናል ወይ ላልከኝ፣ ሽታና ሳሙና ያልተቀላቀለበት ከሆነ ይሆናል። ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ 70 ግራም ዱቄት የሚሠራውን 900 ሚሊ ሊትር በረኪና ይሠራል። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ግን ኃይሉ ያልቃል።

አሁን ስለ ሳልህ። ሀብቴ፣ ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው። መጀመሪያ ባልዲውን በውሃ ሙላ፣ ከዚያ ዱቄቱን ጨምርበት፤ ዱቄት ላይ ውሃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይሆንም፤ ይፈላል፣ ይረጫል። ክዳኑን ስትከፍት ፊትህን አዙር፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ፣ ጓንትና መነጽር አትርሳ። ፒኤች ማውረጃውን አሲድ ከክሎሪኑ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጥ፤ በአንድ ባልዲም፣ በአንድ መለኪያም አትስፈራቸው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ቢጫ አረንጓዴ ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። በእኔ መኪና ላይ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ነው የሚቀመጠው። ከሌላ ሱቅ የመጣ የክሎሪን ጡባዊ ካለም ከዱቄቱ ጋር አትቀላቅል፤ እሳት ሊነሣ ይችላል። ሳሉ ካልለቀቀህ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ሂድ፣ በምን እንደምትሠራም ንገራቸው። የሕክምናውን ገንዘብ እኔ እልካለሁ፣ ስለ እሱ አታስብ።

ዱቄቱን ከዚህ እንድልክልህ ጠይቀህ ነበር፤ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን መያዝ ክልክል ነው። የዕቃውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ 65 ይሁን 70፣ ወይም ሌላ ዓይነት መሆኑን አይቼ ሒሳቡን አስተካክልልሃለሁ። እስከዚያ በ70 ግራም ጀምር።

እማዬን እግሯን ሳምልኝ። ለልጆቹ ጫማ ልኬአለሁ፤ ቁጥሩ ልክ ካልሆነ ጻፍልኝ።

እህትህ አልማዝ