«አማረብህ» ያልከኝ ጊዜ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። ስልኩን የማላነሳው፣ ሦስት ቃል ተናግሬ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እንዳትሰማ ብዬ ነው።

መጨረሻ የተገናኘን ዕለት «ቀጠንክ፣ አማረብህ» ብለኸኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ጊዜ በስቻለሁ፤ የደነገጥኩት ሦስተኛውን ቀዳዳ ስበሳ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ከ68 ኪሎ ወደ 59 ወርጄ ነበር፤ ልቀንስ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሳላስብ።

ሳንባዬ ከሲጋራው የተነሳ እንደተጎዳ ታውቃለህ፤ አብረን ጀምረን አንተ ቀድመህ የተውከው ሲጋራ። ሳንባ ሲታመም ሥጋም አብሮ እንደሚያልቅ ግን አላውቅም ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ እንደኔ ያለ ሰው ለመተንፈስ ብቻ የሚያወጣው ጉልበት ከጤነኛው እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ቁጭ ብዬ የምውል መስሎኝ ለካ ቀኑን ሙሉ ዳገት ስወጣ ነው የምውለው! በዚያ ላይ ሕመሙ ራሱ ጡንቻን ይበላል፤ ሲብስብኝ የሚሰጠኝ የስቴሮይድ ክኒንም ሲደጋገም እንዲሁ። ከሚከሱት ጡንቻዎች አንዱ ደግሞ የምተነፍስበት፣ በደረትና በሆድ መካከል ያለው ድያፍራም ነው።

ስትውጥ ትንፋሽህ ለአፍታ እንደሚቆም ልብ ብለህ ታውቃለህ? እኔ አሁን እያንዳንዱን ጉርሻ እቆጥራለሁ። አኝኬ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ እውጣለሁ፤ ከዚያ ማንኪያዬን አስቀምጬ አየር እስኪመለስልኝ እጠብቃለሁ። አምስት ጊዜ እንደጎረስኩ ይደክመኛል። ሆዴ ሲሞላ ደግሞ ድያፍራሜን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አየር ታምቆበት የተነፋው ሳንባዬ ከላይ ይጫነዋል። ታዲያ ምግብ ቢያስጠላኝ ይፈረድብኛል?

ይባስ ብሎ አንድ ዘመድ «ወተት አክታ ያበዛል» ብሎኝ ዓመት ሙሉ ወተት ሳልቀምስ ቆየሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ወተት አፍና ጉሮሮ ላይ ወፈር ብሎ ይሰማል እንጂ አክታ አያመርትም አለችኝ። በዚያ ዘመድ እስካሁን እናደዳለሁ።

አሁን በቀን ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ እበላለሁ። ከምግብ በፊት አረፍ እላለሁ፤ ውኃም እየበላሁ ሳይሆን ከበላሁ በኋላ እጠጣለሁ፣ ሆዴን ቀድሞ እንዳይሞላብኝ። እንቁላልና ወተት አይለዩኝም፤ ምግቤ ላይ ዘይት ጨምር ተብዬ እጨምራለሁ። ዕድሜ ልክ ቅባት ቀንስ ሲባል ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ያስቃል። ሲበላ ብቻ ጡንቻ አይሆንም ስለተባልኩም ጠዋት ጠዋት ከወንበር እየተነሳሁ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ነበር የምችለው፤ ዛሬ 12 ደርሻለሁ። በአራት ወር ሦስት ኪሎ ጨምሬያለሁ።

ናና እንገናኝ። ግን ማዕድ ላይ ወሬ እንዳትጠይቀኝ፤ ማኘክ፣ መተንፈስና ማውራት ሦስቱ አንድ ላይ አይሆኑልኝም። መጀመሪያ እንብላ፤ የሁለት ዓመቱን ወሬ ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ። ቀበቶውንም አሳይሃለሁ፤ ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ ተመልሷል።

ወዳጅህ