የዲጂታል መሰንቆ ለዛ የሚጠፋው ቀረጻው ላይ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በኪቦርድ የሚጫወቱ የባህል መሣሪያዎች ለዛ የላቸውም የሚለው ቅሬታ በሙዚቃ ባለሙያውም በአድማጩም ዘንድ ተደጋግሞ ይሰማል። ቅሬታውን እጋራለሁ፤ ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ በድምፅ ቀረጻው ላይ መላከኩ ትክክል አይመስለኝም። ለዓመታት ኪቦርድ ስጫወት፣ ኋላም ለራሴና ለጓደኞቼ የድምፅ ፕለጊን (በኮምፒውተር የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ የሚጫን የመሣሪያ ድምፅ) ሳዘጋጅ እንዳየሁት፣ ለዛው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው የተጫዋቹ እጅ ከድምፁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ማለትም የሚዲ (ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት የቁጥር ቋንቋ) መቆጣጠሪያዎች በስክሪፕት፣ ማለትም በአጭር የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ተመድበው ክልላቸው በሚወሰንባቸው ጥቂት መስመሮች ውስጥ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የሚዲ ደንብ አንድ ተራ መዞሪያ የሚልከው ከ0 እስከ 127 ያሉ 128 ዋጋዎችን ብቻ ነው። አዘጋጁ ይህን መዞሪያ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ከሚሠራ ፊልተር (የድምፅን የተወሰነ ክፍል ከሚቀንስ ማጣሪያ) ጋር በእኩል እርምጃ ቢያያይዘው፣ እያንዳንዱ እርምጃ 157 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። ከታች በኩል የመጀመሪያዋ እርምጃ ብቻ ከ20 ወደ 177 ሄርዝ ትዘላለች፤ ይህም ከሦስት ኦክታቭ (አንዱ ኦክታቭ የሄርዙ እጥፍ ነው) በላይ ነው። ከላይ በኩል ያው እርምጃ እምብዛም አይሰማም። ጆሯችን ከፍታን የሚለየው በእጥፍ እንጂ በድምር ስላልሆነ ክልሉ በሎጋሪዝም፣ ማለትም በእኩል ብዜት፣ መከፋፈል አለበት፤ ያን ጊዜ እያንዳንዷ እርምጃ ከአንድ ሰሚቶን (ከኦክታቭ አሥራ ሁለተኛ) ጥቂት ታንሳለች፣ መዞሪያውም ከዳር እስከ ዳር ለሥራ ይውላል።

የመጀመሪያውን የመሰንቆ ስክሪፕቴን በኮንታክት (የተቀረጹ ድምፆችን በሚያጫውት ፕሮግራም) ስጽፍ የደጋኑን ግፊት ከሞዱሌሽን ዊል (በኪቦርዱ ላይ ካለ በጣት የሚገፋ መንኮራኩር) ጋር አያያዝኩት። በኮንታክት የድምፅ ሞተሩ መለኪያዎች ከ0 እስከ 1,000,000 ስለሚቆጠሩ፣ የመጣውን ዋጋ ለ127 አካፍዬ በሚሊዮን አባዛሁት። ስክሪፕቱ በሙሉ ቁጥር ስለሚያሰላ ግን 126 ለ127 ሲካፈል ውጤቱ ዜሮ ነው። ዊሉን ቀስ እያልኩ ስገፋው መሰንቆው ዝም ብሎ ቆየና ጫፍ ላይ ስደርስ በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ጮኸ። መፍትሔው አስቀድሞ ማባዛት፣ ከዚያ ማካፈል ነበር። ይሁንና ይኸው ስሌት ለፒች ቤንድ (የድምፁን ከፍታ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚያንሸራትተው ዊል) አይሆንም፤ የፒች ቤንድ ዋጋ ከመሐል ወደ ላይ ብቻ 8,191 ስለሚደርስ በሚሊዮን ሲባዛ ባለ32 ቢት ቁጥር ሊይዝ ከሚችለው 2,147,483,647 ያልፋል። እንዲህ ያለው ስህተት ፕለጊኑ ሲጫን አይታይም፤ የሚታየው ተጫዋቹ ዘፈን መሐል ሲደርስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸው ፒች ቤንድ ነው። የተለመደው ክልሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሁለት ሰሚቶን ሲሆን፣ የመሰንቆ ተጫዋች ግን ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት ከዚያ እጅግ ርቆ ይሄዳል። ክልሉን ወደ 12 ሰሚቶን ያሰፋ አዘጋጅ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ደንቡ ለፒች ቤንድ 16,384 ደረጃዎች ቢፈቅድም፣ 128 ደረጃ ብቻ የሚልክ ኪቦርድ ሲገናኘው እያንዳንዷ እርምጃ የሰሚቶን አምስተኛ ያህል ትሆንና መንሸራተቱ ደረጃ እንደ መውረድ ይሰማል። በአንቺሆዬ ቅኝት ለሚጫወት ሰው፣ የድምፆቹ ርቀት ከፒያኖው እኩል ክፍፍል ጋር ስለማይገጥም፣ የዚያችን ያህል መዛባት ቅኝቱን ለማፍረስ ትበቃለች። እኔ አሁን የማደርገው ዊሉ በመሐሉ አካባቢ ድምፁን በጥቂቱ፣ ወደ ዳር ሲጠጋ ግን በሰፊው እንዲያንቀሳቅስ ምደባውን ማጠፍ፣ ተከታትለው በሚመጡ ሁለት ዋጋዎች መካከል ያለውንም ዝላይ ማለስለስና የክልሉን ስፋት ለተጫዋቹ መተው ነው።

ስለዚህ የባህል መሣሪያዎቻችንን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ወገኖቼን የምለምነው፣ የቁጥሮቹን ምደባና ክልል በስክሪፕቱ ውስጥ ቆልፈው እንዳያስቀሩት፣ ተጫዋቹ ሊለውጠውና ከዘፈኑ ጋር ሊያስቀምጠው እንዲችል እንዲያደርጉ፣ የትኛው መዞሪያ ምን እንደሚሠራም በአማርኛ ጽፈው ከፕለጊኑ ጋር እንዲሰጡ ነው። ዝግጅት ክፍሉም ስለነዚህ ሥራዎች ሲዘግብ፣ መሰንቆና ዋሽንት የሚጫወቱ ባለሙያዎች ዊሉን በእጃቸው ይዘው ከሞከሩት በኋላ የሚሉትን እንዲያካትት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ