አባባ፣ ስለ ጠመንጃው

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ትልቁ ልጅ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ቁርጥ እርስዎን ሆኗል። ትንሿ በአማርኛ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። አሥራ ሰባት ላይ ሁልጊዜ ትሰናከላለች።

ቅድመ አያቴ አድዋ የዘመቱበት ነው ሲባል የኖረውን ጠመንጃ «ምን እንደሆነ አጣሪልኝ» ካሉኝ ሁለት ወር ሞላው። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ፎቶዎቹን እንደላኩልኝ እዚህ ጀርመን ዙል የምትባል ከተማ ሄጄ ነበር። ከኤርፉርት በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ናት፤ ዛወር የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1751 የተጀመረው እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ሠሪ አገኘሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኬን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። ወዲያው «ድሪሊንግ» አሉ። ባለ ሦስት አፈሙዝ ማለት ነው። ሁለቱ ከላይ ጎን ለጎን፣ ለጥንቸልና ለወፍ ፍንጣሪ የሚረጩ። አንዱ ከሥር፣ ለትልቅ አውሬ። የአዳኝ መሣሪያ ነው እንጂ የጦር አይደለም።

ከዚያ ከአፈሙዙ ሥር ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ አነበቡልኝ። እ.ኤ.አ. በ1893 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ ጀርመን ውስጥ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ከልክ ያለፈ ባሩድ ጎርሶ ይተኮሳል። ከቻለው ማኅተም ይመታበታል። ዘውድና «ኡ» ፊደል፦ ተፈትሿል። ዘውድና «ኤስ»፦ ለፍንጣሪ። ዘውድና «ጌ»፦ ውስጡ ጥምዝ ቦይ አለው። ክቡ ውስጥ ያለው 16 ደግሞ የአፉ ስፋት ነው። በዚያ ስፋት ልክ የተድበለበሉ 16 የእርሳስ አረሮች አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ።

በመጨረሻ ጣታቸው ደቃቅ ቁጥሮች ላይ ቆመ። 11፣ ቀጥሎ 27። የተፈተሸበት ወርና ዓመት ነው። ኖቬምበር 1927፣ በእኛ 1920 ዓ.ም.።

አባባ፣ መጻፍ ያቃተኝ ይኼን ነው። አድዋ 1888 ነው። ጠመንጃው የተፈተሸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ከአድዋ 32 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ቅድመ አያቴ አድዋ አልዘመቱም አልልም። ይህን ይዘው ግን አልዘመቱም። ከጣልያንም አልማረኩትም። እንዴት እኛ ቤት እንደገባ ብረቱ ላይ አልተጻፈም።

በአያቴ ተዝካር ዕለት ሰደፉን የወለወልኩት እኔ ነበርኩ። ከአያቴ ጋር ስንት ዓመት የወለወልኩት እኔ ነኝ። ጎኑ ላይ የተቀረጸውን፣ ቀንዱ እንደ ቅርንጫፍ የተንጨፈረረውን እንስሳ አጋዘን ነው እንል ነበር። አጋዘን አይደለም። የእነሱ ጫካ እንስሳ ነው፤ አንድ ቀን ማለዳ ከባቡር መስኮት አየሁት፣ አወቅኩት፣ አለቀስኩ። በተዝካሩ ዕለት እርስዎ በእንግዳ ፊት ጠመንጃውን ከእጄ ወሰዱና «የአድዋ ጠመንጃ ለሴት አይወርድም» ብለው ለወንድሜ ሰጡት። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እሱ አሥራ አንድ፤ በደንብ ማንሳት እንኳ አልቻለም። እቴጌ ጣይቱስ አድዋ አልነበሩም ወይ ልልዎት ነበር። ዋጥኩት። ተቆጥቼ አይደለም የምጽፈው። አይ፣ ተቆጥቻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ በሬውን የሸጡልኝም እርስዎ ነዎት። እሱንም አልረሳሁም።

አደራ፣ እንዳይተኮስበት። የአጎቴ ልጅ ለሰርጉ ሊተኩስበት አስቧል ሲሉ ሰምቻለሁ። የዚያ ዘመን ባለ 16ቶች ብዙዎቹ የጥይት ማጉረሻቸው ርዝመት 65 ሚሊሜትር ነው። የዛሬው ጥይት በብዛት 70 ነው። ሲያጎርሱት ይገባል፤ ሲተኮስ ግን ግፊቱ ይበዛል። ፊቱን ሊያጠፋው ይችላል። ፈቃዱስ ታድሷል? በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጠመንጃ ቤት ማስቀመጥ ያስጠይቃል። ወረቀቱን ይፈልጉት፣ ወይ የት እንዳስቀመጡት ይንገሩኝ።

አንዱ ፎቶ ላይ ከጠመንጃው ኋላ መድኃኒትዎ መደቡ ላይ ተደርድሮ አብሮ ገብቷል። በስልክ አንድ ዓይነት ነው ብለውኝ ነበር። አራት ቆጠርኩ። አጉልቼ ስማቸውን አንብቤአለሁ። ጠመንጃውን ለምን አሁን እንዳስጠየቁኝ ያኔ ገባኝ። ለማን እንደሚሰጡት እያሰቡ ከሆነ፣ እባክዎ አሁን አያስቡ።

ማክሰኞ ሐኪሙ ምን አለዎት? ለእኔ ይጻፉልኝ፣ ለወንድሜ ያሉትን አይደለም፣ የሆነውን። ለገና እመጣለሁ፤ ትኬት እያየሁ ነው። እስክመጣ ድረስ ጠመንጃውን ማንም አይወልውለው።

ልጅዎ