ስለ አዲሱ የፎኒክስ ሳጥን፦ ነጩ ከረጢት ለምን መጨረሻ መጣ?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ልጆች የእንግሊዝኛ ፊደላትን ከድምፃቸው ጋር እያገናኙ ንባብ የሚማሩበት (ፎኒክስ የሚባለው ይኸው ነው)፣ ለእያንዳንዱ አናባቢ አንድ የጨዋታ ከረጢት ያለበት አዲሱ ሳጥን ከወጣ ወዲህ የሚደርሰን ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ከረጢቶቹ ተዘበራርቀው መጡብን» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ሁላችንም የእንግሊዝኛ አናባቢዎችን የተማርነው ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ እያልን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ግን ኤ ይቀድማል፣ አይ ይከተላል፣ ከዚያ ኦ እና ዩ፣ ኢ ደግሞ መጨረሻ ላይ ታሽጎ ተቀምጧል። አልተዘበራረቀም፣ አውቀን ነው። ምክንያቱን በስልክ እየቆራረጥን ከምንነግራችሁ አንድ ጊዜ ጽፈነው ብንገላገል ይሻላል።

ከፊደሎቹ ስም እንጀምር። ልጃችሁ ኤ ቢ ሲ ዲን በዜማ ይወጣዋል፣ ጎበዝ ነው። ንባብ ላይ ሲደርስ ግን ያ ዜማ አማርኛ ተናጋሪ ልጅን ጭራሽ ያምታታዋል። ኤ የሚባለው ፊደል ካት ላይ፣ ማለትም ድመት ላይ፣ ኤ አይልም። የእኛን ኤ የሚሰጠው ቤድ (አልጋ) ላይ ያለው ፊደል ነው፣ እሱ ደግሞ ስሙ ኢ ነው። ፒግ (አሳማ) ላይ ወደ ኢ የሚጠጋ ድምፅ አለ፣ የፊደሉ ስም ግን አይ ነው። ዩ የተባለው ከፕ (ኩባያ) ላይ ሲገባ ዩ የሚል ነገር እንኳ አይሰማበትም። የአንዱ ስም የሌላው ድምፅ ሆኖ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ደብዳቤ ላይ ከረጢቶቹን በቀለማቸው እንጥራቸው፣ ቤትም ውስጥ እንዲሁ አድርጉ፦ የካት ድምፅ ቀይ፣ የፒግ ቢጫ፣ የዶግ (ውሻ) ሰማያዊ፣ የከፕ አረንጓዴ፣ የቤድ ነጭ።

ከአምስቱ ሁለቱ ቤታችን ውስጥ አሉ። ነጩ ቤት ስንል፣ ሴት ስንል የምናወጣው ድምፅ ነው። አረንጓዴውም በግ ስንል ከሚሰማው ድምፅ ብዙ አይርቅም። እንዲያውም አረንጓዴው ከረጢት ውስጥ የትንሽ ነፍሳት ሥዕል ያለበት ካርድ አለ፣ በእንግሊዝኛ ስሟ «በግ» ነው፣ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ተዉአቸው ይሳቁ፣ ድምፁ ከዚያ በኋላ አይጠፋቸውም። ሰማያዊው ደግሞ ኦ አካባቢ ነው። ቀዩና ቢጫው ግን አማርኛ ውስጥ የሉም። ቀዩ በኤ እና በኣ መሀል ነው ያለው፣ ቢጫው በኢ እና በእ መሀል። ብዙዎቻችን መርከቡንም በጉንም ሺፕ የምንለው፣ መጥበሻውም እስክሪብቶውም ፔን የሚሆንብን ለዚህ ነው።

ታዲያ ከባዱን ለምን አስቀደማችሁ ትሉ ይሆናል። ነጩ ቀድሞ ከገባ ቀዩን ስለሚውጠው ነው። ልጅ የሚያውቀው ድምፅ አጠገቡ ካለ አዲሱን ለመስማት አይደክምም፣ ሁሉንም ወደሚያውቀው ይጎትተዋል፣ ፓን ብትሉት ፔን ብሎ ሰምቶ ፔን ብሎ ይመልስላችኋል፣ እናንተም ልክ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ ምክንያቱም የእናንተም ጆሮ ያደገው በዚያው ነው። ቀዩ ለብቻው ሰንብቶ ጆሮው ውስጥ ቦታ ከያዘ በኋላ ነጩ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ይሰማዋል። ቢጫውም ከነጩ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ስለዚህ ነጩን ከሁለቱም አራቅነው። ፊደልና ድምፅን በታቀደ ቅደም ተከተል ማስተማር እንደሚጠቅም በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል ሪፖርት ላይ በሰፊው ተጽፏል፤ ነጩን መጨረሻ ማድረጉ ግን የእኛ ፍርድ ነው፣ የአማርኛ ተናጋሪ ልጆችን ጆሮ አስበን የወሰንነው።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ። እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ የተለያየ ጨዋታ የጨመርነው ልጁ እንዳይሰለች ብቻ አይደለም። ድምፁ መጀመሪያ በጆሮ፣ ከዚያ በአፍ፣ ከዚያ በእጅ እንዲገባ ነው። ፊደሉ የተጻፈበትን ካርድ በመጀመሪያው ቀን አታውጡት። ሥዕሎቹን ብቻ ዘርግታችሁ ስማቸውን ጥሩ፣ የቀዩ ድምፅ ያለበትን ሲሰማ ይነሳ፣ ከሌለበት ይቀመጥ። በማግስቱ መስታወት ፊት አቁሙት። ኤ ይበል፣ ድምፁን ሳያቋርጥ አገጩን ወደ ታች ይልቀቀው፣ ኣ ከመድረሱ በፊት ያለችው ቦታ ቀዩ ናት። ለቢጫው ደግሞ ኢ ብሎ ከንፈሩን ያላላ፣ እ ሳይሆንበት ያቁም። እናንተም አብራችሁ ሞክሩ፣ አታፍሩ።

ብዙ ጥያቄ የመጣበት የቆርኪው ጨዋታ ነው። ሦስት ሣጥን የተሳለበት ወረቀት አለ፣ ልጁ ቃሉን እየሰማ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ቆርኪ ይገፋል። ሐሳቡ የቆየ ነው፣ የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳኒል ኤልኮኒን ይጠቀምበት ነበር፣ ቆርኪው ብቻ ነው የእኛ። «ልጄ ሁለት ቆርኪ ገፍቶ ጨረስኩ ይላል» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ልጁ አልሰነፈም። ፊደል ስለቆጠረ ነው። በእኛ ጽሑፍ ካት ሁለት ፊደል ነው፣ ካ እና ት፣ ስለዚህ ሁለት ብሎ መቁጠሩ ትክክለኛ የሀሁ ተማሪ መሆኑን ያሳያል። ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ሲቆሙ አይቶ አያውቅም። መፍትሔውም እዚያው ገበታው ላይ ነው። ከ ኩ ኪ ካ ኬ ክ ኮ እያለ ይውረድ፣ ከዚያ ምን እንዳልተለወጠ ጠይቁት። ክ እንደቆመች፣ ጭራዋ ብቻ እንደሚቀያየር ሲገባው ሦስተኛው ቆርኪ ቦታውን ያገኛል። የመሀሉን ቆርኪ በሌላ ቀለም ያደረግነውም ለዚህ ነው። አደራ፣ ድምፆቹን ስትነጣጥሉ ሳድሱን ተጠቀሙ፤ ክ እና ት በሉ፣ አጠር አድርጋችሁ። ከ እና ተ ካላችሁ ልጁ ቢገጣጥመው ቢገጣጥመው ካት አይወጣለትም።

ሰኞ ማክሰኞው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በጠመኔ አስምሩ፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ጻፉ፣ ቃል ጥሩለት፣ ይዝለል። ፊደሉን በጣት መጻፊያ ደግሞ ትሪ ላይ አሸዋ ይበቃል። ጤፍ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀን ሰው አለ፣ በዚህ ዋጋ ኧረ እግዜር ያሳያችሁ!

አምስቱም ከረጢት ሲያልቅ «ብ» እና «ግ»ን አቁማችሁ መሀሉን ብቻ ቀያይሩ። ባግ፣ ቢግ፣ ቦግ፣ በግ፣ ቤግ። አምስቱም እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፣ ልጁም የለመደው የገበታ አነባበብ መስሎት ደስ ይለዋል።

ሌላው ቅሬታ ጭራቅ የተሳለባቸው ካርዶች ላይ ነው። «ቃሉ መዝገበ ቃላት ላይ የለም፣ የኅትመት ስህተት ነው» ብላችሁናል። ስህተት አይደለም፣ ትርጉም እንዳይኖራቸው ሆነው የተሠሩ ቃላት ናቸው። ልጅ ካትን በሥዕሉ ወይም በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ሰምቶት የማያውቀውን ዛብ ካነበበ ግን በእርግጥ እያነበበ ነው። እንግሊዝ አገር ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ልጆች በሚፈተኑት የፎኒክስ ፈተና ከ40ው ቃል 20ው እንዲህ ያለ ነው፣ አጠገቡም ምናባዊ ፍጡር ይሳልበታል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አትላንታ ላላችሁ አንድ ነገር እንጨምር። አሜሪካኖቹ ሰማያዊውን ወደ ኣ ስለሚያስጠጉት «ሞቃት» ለማለት የሚሉት ቃል ለእኛ ጆሮ ሃት ነው የሚመስለው፣ ባርኔጣውም ሃት ነው። ስለዚህ እናንተ ሰማያዊውን ከአረንጓዴው በኋላ አድርጉት፣ ከቀዩ ትንሽ ይራቅ። የልጁ መምህርት ሌላ ቅደም ተከተል ከያዘች የእሷን ተከተሉ፣ ልጁን በሁለት መንገድ አታዋክቡት።

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልጁ «ይደገም» እያለ ብታቆሙ ይመረጣል። አንድ ከረጢት ወር ቢፈጅም አይግረማችሁ፣ በተለይ ቀዩ። የጎረቤት ልጅ ነጩ ላይ ደርሷል ብላችሁ ማሸጊያውን እንዳትቀድዱት።

ካርድ ከጠፋባችሁ የከረጢቱን ቀለምና ሥዕሉን በመልእክት ላኩልን፣ አንድ ሁለት ካርድ በነፃ እንተካለን። ሙሉ ከረጢት ከሆነ ግን ግማሽ ዋጋ እናስከፍላለን። ቆርኪ አንልክም፣ ሠፈራችሁ ያለው ሱቅ በር ላይ ሞልቷል፣ ብቻ ጠርዙ ስለት እንዳይሆን ቀጥቅጣችሁ ለልጁ ስጡት።

አክባሪዎቻችሁ፣
የሳጥኑ አዘጋጆች