ለጥያቄሽ መልስ፣ ከአምስት ወር በኋላ

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። «የናፈቀ ሰው ስልክ ይደውላል» እንደምትዪ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው።

መስከረም ላይ በቴሌግራም «ለማስተርሴ የትኛውን ኤአይ ልያዝ?» ብለሽኝ ነበር። አይቼዋለሁ። ያልመለስኩት አፍሬ ነው። «አንዱ ቻትቦት ይበቃሻል፣ የማያውቀው የለም» ብዬ የሰበክሁሽ እኔ ነኛ! መልእክትሽ የደረሰኝ ደግሞ ፕሮፖዛሌ በተመለሰ ሳምንት ነበር።

የማጠናው ነፍሰ ጡሮች የአይረን ክኒን ለምን እንደሚያቋርጡ ነው። ቻትቦቱን «ጥናቶች አምጣልኝ» አልኩት። ደርድሮ ሰጠኝ። የአጥኚዎቹ ስም የእኛው አገር ስም፣ መጽሔቱ እውነተኛ፣ ዓመቱ 2019። አማካሪዬ አንዷን በቀይ ከበቡና «ይህችን ላኪልኝ» አሉኝ። ሊያጋልጡኝ አልነበረም፤ የምር ሊያነቧት ፈልገው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፈለግሁ። የለችም። ማሽኑን ስጠይቀው ይቅርታ ብሎ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሌላ የሌለ ጽሑፍ ሰጠኝ። በፈረንጆቹ 2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ሲቀጡ ስቄባቸው ነበር። ይኸው ደረሰብኝ።

አሁን መጀመሪያ የማየው ኤአዩ የሚናገረውን ከየት እንዳመጣው ያሳያል ወይ የሚለውን ነው። ጽሑፍ ስፈልግ የጥናት መፈለጊያዎቹ ሴማንቲክ ስኮላርና ኤሊሲት ጋ እሄዳለሁ። ኤሊሲት በእውነት ያሉ ጽሑፎችን አምጥቶ ዘዴያቸውን፣ የናሙና ብዛታቸውን በሰንጠረዥ ያሰልፍልሻል። ሙሉውን ካላገኘ ግን ያነበበው አብስትራክቱን፣ ማለትም አጭር ማጠቃለያውን ብቻ ነው። የእኛ አገር መመረቂያ ጽሑፎች ደግሞ ብዙዎቹ እዚያ የሉም። በጣም የጠቀመኝን ጥናት ያገኘሁት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ማከማቻ ገጽ በገጽ ስገልጥ ነው። የአፍሪካ መጽሔቶች የሚገኙበትን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንንም እንዳትረሺ።

የሰበሰብሽውን ፒዲኤፍ የጉግሉ ኤአይ ኖትቡክኤልኤም ላይ ጫኚ። በነጻ በአንድ ማኅደር እስከ 50 ሰነድ ይይዛል። የሚመልሰው ከጫንሽለት ውስጥ ነው፤ ከመልሱ ጎን ያለችውን ቁጥር ስትነኪ አንቀጹ ጋ ያደርስሻል። ንኪያት ታዲያ፣ እሱም ማጣመም አያቅተውም። የሴቶቹን ቃለ መጠይቅ ግን የትም አልጫንኩም። ያመኑት እኔን ነው።

ቻትቦቶቹን፣ ቻትጂፒቲንና ክሎድን፣ አልጣልኳቸውም። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚሉት የስታቲስቲክስ ስሌት የገባኝ «ለአትክልት ነጋዴ እንደምታስረዳ አድርገህ ንገረኝ» ብዬ ነው። ከዲፌንስ በፊት ደግሞ «ክፉ ፈታኝ ሁንና አፋጥጠኝ» እለዋለሁ። ያፋጥጣል! ሪፈረንስ ግን በፍጹም አልጠይቅም፤ ያገኘኋቸውን ምንጮች የሚያስቀምጥና የሚደረድር ዞቴሮ አለልኝ፣ ነጻ ነው። አሁኑኑ የዶላር ካርድ ፍለጋ አትንከራተቺ፤ ነጻዎቹ ለአንደኛ ዓመት ይበቁሻል።

ያቺን የሌለች ጽሑፍ ነገር ለአማካሪዬ አፍረጥርጬ ነገርኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው አንቺ ጻፊያት» አሉኝ። እየጻፍኳት ነው።

ርእስሽን ላኪልኝ። በዚህኛው ጊዜ አምስት ወር አልቆይም።

ያንቺው ጠፊ